የቦብካት ባኬት በአንድ በኩል ለቀቀብኝ፤ ሽብልቁን ላስበይድ፣ ልቀይር ወይስ ካፕለሩን ሙሉ ልለውጥ?

ገርጂ ኦፕሬተር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ማሽኑ ቦብካት ኤስ 185 ነው (ስኪድ ስቲር የሚባለው ትንሽ ጫኝ ማሽን)፣ ያገለገለ ሆኖ የገባ። እኔ ኦፕሬተር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሰሞኑን ገልባጭ ላይ አፈር ስጭን የባኬቱ ግራ ጎን ከካፕለሩ (ባኬቱን ከማሽኑ ክንድ ጋር ከሚያገናኘው መያዣ) ተላቆ ተንጠለጠለ። የቀኙ ባይዘው ኖሮ የሚያርፈው ገልባጩ ካቢን ላይ ነበር። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሽብልቆቹን የሚቆልፉት ሁለቱም እጀታዎች ወርደው ነበር። አይቼ ነው የተነሳሁት። በኋላ ባኬቱን መሬት ላይ አድርጌ በዲጂኖ ስነቀንቀው በግራ በኩል ቋ ቋ ይላል። ባለቤቱ "ሽብልቁ ላይ ብየዳ አስጨምርበትና ሥራህን ቀጥል" ይላል። ሰፈር ያለው በያጅ ደግሞ ካፕለሩ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት ባይ ነው። ማንን ልስማ?

የቃሊቲው መካኒክ፦

ልጄ፣ መጀመሪያ ማሽኑን አቁመው። አንዴ የለቀቀ ባኬት ሁለተኛ ሲለቅ ከስሩ ማን እንደሚቆም አታውቅም።

እጀታው መውረዱ ሽብልቁ ለመያዙ ማስረጃ አይሆንም። አሠራሩን ልብ በል። የካፕለሩ የላይኛው ጠርዝ ከባኬቱ የላይኛው ከንፈር ስር ይገባል። ባኬቱ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ከታች ያሉት ሁለት ሽብልቆች ደግሞ በባኬቱ የታችኛ ላሜራ ቀዳዳ አልፈው ከስር እንዳይከፈት ይይዙታል። የሽብልቁ ጫፍ ሰያፍ ነው። ሞላው ወደ ታች ሲገፋው ባኬቱን ወደ ካፕለሩ እየሳበ ያጠብቀዋል። ስለዚህ ትንሽ ሲበላ ራሱ ጠለቅ ብሎ ይወርድና ክፍተቱን ይሞላዋል። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይታወቅ የሚቆየውም ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ግን መውረጃው ያልቃል። ሽብልቁ እስከ መጨረሻው ወርዷል፣ እጀታው ተኝቷል፣ የቀዳዳውን ጠርዝ ግን አይነካም። ከካቢን ሆነህ ስታየው ሁሉም ደህና ነው። የአምራቹ መመሪያ የሚለው ሽብልቁ በቀዳዳው ይለፍ ብቻ አይደለም። የቀዳዳውን የታችኛ ጠርዝ መንካት አለበት።

ስለ ብየዳና ስለ ቅያሬ ከማውራትህ በፊት የላላው የቱ ጋ እንደሆነ ለይ። ሌላ አታችመንት (ካፕለሩ ላይ የሚገጠም መሣሪያ) አለህ? ፎርክ፣ ሐመር (ድንጋይ መስበሪያው)፣ የፈለገው ይሁን። ግጠመውና ነቅንቀው። በሁሉም ላይ ከላላ ችግሩ ማሽኑ ላይ ነው። በባኬቱ ብቻ ከሆነ የባኬቱ ቀዳዳ ሰፍቷል፣ ወይም ከንፈሩ ተበልቷል። ሦስተኛው ቦታ ካፕለሩ ከክንዱና ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝባቸው ፒንና ቡሾች (ዘንጎቹና ዘንጎቹ የሚዞሩባቸው ቀለበቶች) ናቸው። ሁሉንም አታችመንት አውልቀህ ካፕለሩን ብቻውን በዲጂኖ ግፋው። እዚያ ጋ ያለውን መላላት ብዙ ሰው በሽብልቁ ያሳብባል።

ክንዱን አንስተህ የምታይ ከሆነ መደገፊያውን ሳታስገባ ከስሩ እንዳትገባ። "ሃይድሮሊኩ ይዞታል" የሚባል ጨዋታ አይሠራም።

ደንቨር ነኝ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ኮሎራዶ ነኝ። በብርዱ ወራት በስኪድ ስቲር በረዶ እንጠርጋለን፣ ሲሞቅ የግቢና የአጥር ሥራ ነው። እዚህ ችግሩ ሌላ ነው። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሽብልቁን ያዝገውና ከቤቱ ጋር ያጣብቀዋል። ሞላው ሊገፋው አይችልም። ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። አንዳንዱ ታዲያ እጀታው ላይ ቧንቧ ሰክቶ በጉልበት ያስተኛዋል። እጀታው ይተኛል፣ ሞላው ይሰበራል፣ ሽብልቁ ግን እዚያው ነው።

ከገጠምኩ በኋላ ገና ከካቢን ሳልወርድ የማደርጋት ነገር አለች። ባኬቱን ወደ ፊት ደፍቼ ጫፉን መሬት ላይ እጫነዋለሁ፣ የፊት ጎማዎቹ ብድግ እስኪሉ። ያልያዘ ሽብልቅ ካለ እዚያው መሬት ላይ ይከፈታል። ከዚያ ሞተር አጥፍቼ ወርጄ ሁለቱንም ጫፎች በዓይኔ አያለሁ። በመቀያየሪያ ቁልፍ በሃይድሮሊክ የሚቆልፈው ዓይነትም ቢሆን ያው ነው። ቁልፉን መጫን መቆለፍ አይደለም።

ሌላው፣ እጀታውን ስትከፍት ፊትህን አርቅ። ሞላው ተጨንቆ ነው ያለው። አጥብቀህ ይዘህ ቀስ ብለህ ልቀቀው። ጥርሱን ያስወለቀ ሰው አውቃለሁ።

ባለ ማሽን፦

ሁላችሁም "አቁመው" ትላላችሁ። ማሽን ሲቆም የባንክ ወለድ አብሮ አይቆምም። ኦሪጅናል ሽብልቅ አዝዞ መጠበቅ ማለት የኮንትራት ሥራ መልቀቅ ማለት ነው። ደህና በያጅ ካለ ብየዳ ምን ችግር አለው? እኛ ስንት ነገር እያስበየድን ነው የምንሠራው።

በያጁ፦

ወንድሜ ባለ ማሽን፣ ብየዳ እንጀራዬ ነው፣ ስለዚህ አላጣጥለውም። ግን የቱን እንደምንበይድ እንለይ።

የባኬቱ ቀዳዳ ከሰፋ ይበየዳል፣ ያለ ምንም ችግር። እኔ የተበላውን በብየዳ ከመሙላት ይልቅ ቀዳዳ የወጣለት ወፍራም ላሜራ ከላይ መደረብ እመርጣለሁ። በ 7018 ኤሌክትሮድ፣ ኤሌክትሮዱ ደረቅ ሆኖ። እርጥበት የጠጣ 7018 ከመበየድ አለመበየድ ይሻላል፣ ስንጥቅ ያመጣል። የካፕለሩ የላይኛ ጠርዝ ከተበላም ይሞላል፣ ብረቱን ቀድሞ ማሞቅ ነው።

ሽብልቁን ግን አልበይድም። አንደኛ፣ ጠንክሮ የተሠራ ብረት ነው። ሙቀት ሲያገኘው ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ወይ ይለሰልሳል ወይ ተሰባሪ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሰያፉ አንግል አለው። በግራይንደር በዓይን ልክ ስታስተካክለው ሙሉ ገጹ አይነካም፣ አንዲት እብጠት ብቻ ናት የምትነካው። ያቺ እብጠት በጥቂት ቀን ሥራ ትበላለች። ባለቤቱ "ትናንት አስበይጄ ዛሬ ላላ" ብሎ እኔው ጋ ይመጣል። ስድቡ ለኔ ነው።

የቃሊቲው መካኒክ፦

እጅህ ይባረክ። እዚህ ላይ አንድ ልጨምር። አንዳንዱ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከመኪና አክስል ሽብልቅ ያስቆርጣል። አክስል ጥሩ ብረት ነው፣ ጥንካሬው ግን ላዩ ላይ ነው ያለው። ሲላጥ ለስላሳው መሃሉ ይወጣል። ተቆርጦ አልቆ መልሶ ካልተጠነከረ ከተራ ብረት ብዙም አይሻልም። የሙቀት ሥራ የሚያውቅ ሰው ካለ አሠራው፣ አንግሉን ካልተበላ ሽብልቅ ላይ ለክቶ። ከሌለ ግን ግዛ። ሽብልቅ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ እንደ ፍሬን ሸራ ቁጠረው። ሙሉ ካፕለር ግን የሚቀየረው ሳህኑ ሲጣመም፣ የፒኑ ቤት ሲሰነጠቅ ወይም የላይኛው ጠርዝ ሲያልቅ ነው። ሽብልቅ ስለተበላ ብቻ ካፕለር መቀየር ብር መጣል ነው።

ገርጂ ኦፕሬተር፦

እንዳሉኝ አደረግሁ። ፎርክ ከጎረቤት ሳይት ተውሼ ገጠምኩ። ግራው ላይ እሱም ይነቃነቃል፣ ከባኬቱ ግን ያነሰ ነው። ቀኙ ጠንካራ ነው። ካፕለሩን ብቻውን ስገፋው ትንሽ ጨዋታ አለው፣ ቋ የሚል ድምፅ ግን የለውም። የግራውን ሽብልቅ ጫፍ በማርከር ቀብቼ ዘጋሁት፣ ከፍቼ ሳየው ቀለሙ አልተነካም!

ሌላ ጥያቄ። ሐመሩንም ልሞክር ብዬ ገጠምኩ፣ የሃይድሮሊክ ቱቦው መጋጠሚያ ግን አልገባ አለኝ። ከሰዓት ነበር፣ ሐመሩ ፀሐይ ላይ ነው የዋለው። በመዶሻ ቀስ አድርጌ ልምታው ወይ?

የቃሊቲው መካኒክ፦

ቀለሙ ካልተነካ መልስህን አገኘህ። የግራ ሽብልቅህ ወደ ማለቂያው ደርሷል፣ የባኬቱም ቀዳዳ ሰፍቷል። ሁለቱ ተደምረው ነው የለቀቀህ። የቀኙንም አብረህ ቀይር። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን አዲሱ ብቻውን ይሸከማል። ሞላዎቹንም አትርሳ። ርካሽ ናቸው፣ የደከመ ሞላ ደግሞ አዲስ ሽብልቅን አሮጌ ያደርገዋል።

መዶሻውን መልስ። ዶሃ ያለው ልጅ ስለ ቱቦው ይንገርህ፣ እሱ ሙቀትን ያውቃል።

ዶሃ ማሽነሪ፦

አለሁ ጋሼ። እዚህ በጋ ላይ ይሄ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ቱቦው ውስጥ የተዘጋው ዘይት በፀሐይ ሲሞቅ ይለጠጣል። መውጫ ስለሌለው ግፊት ይሆናል። ጠፍጣፋ ፊት ያለው መጋጠሚያ ደግሞ ያን ግፊት አሸንፎ በእጅ አይገባም።

የማሽኑን ጎን መጀመሪያ አስተንፍስ። አታችመንቱ መሬት ላይ ይረፍ፣ ሞተር ይጥፋ። ከዚያ የሃይድሮሊኩን መቆጣጠሪያ ወደ ሁለቱም ጎን ደጋግመህ አንቀሳቅስ። ማሽኑ በምን ሁኔታ እንደሚፈቅድልህ መመሪያው ላይ አለ፣ በአንዳንዱ ቁልፉ በርቶ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ብዙ የቦብካት ሞዴሎች ላይ ደግሞ መጋጠሚያውን አጥብቀህ ገፍተህ ለ 5 ሰከንድ ያህል ብትይዘው ግፊቱ ራሱ ይተነፍሳል። ግፊቱ የሐመሩ ጎን ከሆነ ጥላ ውስጥ እስኪበርድ ጠብቅ። ካልሆነ ከቱቦው ሌላኛ ጫፍ ያለውን ፊቲንግ በጨርቅ ሸፍነህ፣ መነጽር አድርገህ፣ በጣም በትንሹ አላላው።

በመዶሻ ስትመታው ዘይት ይወጣል፣ ይገባልም። ግን ፊቱ ላይ ያለውን ማሸጊያ ትጎዳዋለህ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ያንጠባጥባል። ሰው "መጋጠሚያው ቶሎ ተበላሸ" ይላል፣ ግማሹ በመዶሻ የሞተ ነው።

ከመግጠምህ በፊት ሁለቱንም ፊቶች በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ኦ ሪንጉን (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቱን) ትቆርጠዋለች። ከገባ በኋላ ቀለበቱን አዙረህ ቆልፈው። በግማሽ የገባ መጋጠሚያ ዘይቱን ያንቃል፣ ሐመሩ ይደክማል ወይም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል፣ ዘይቱም ይግላል። ሰው ፓምፑ ሞተ ብሎ ፓምፕ ሲያወርድ አይቻለሁ።

ሌላው ትልቁ ነገር። ማፍሰሱን በእጅህ ዳሰህ አትፈልግ። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ 200 ባር በላይ ነው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ካርቶን ይዘህ ፈልግ። ዘይቱ ቆዳህን ከበሳው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ባያምህም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድና "የሃይድሮሊክ ዘይት ገብቶብኛል" በል። ዝም ብሎ ያደረ ጣቱን ያጣል።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ከመስመር ይወጣል። ቻይና ሠራሽ ስኪድ ሎደር ልንገዛ ነው። ያለን ባኬትና ፎርክ የቦብካት ነው። ካፕለሩ ይገጥማል?

ደንቨር ነኝ፦

አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማል። ቦብካት ይህን ባለ ሁለት እጀታ መያዣ ያወጣው በ 1970 ነው። ሌሎቹ አምራቾች ለረጅም ጊዜ የየራሳቸው ነበራቸው፣ ቀስ በቀስ ግን ወደዚህ ቅርፅ መጡ። አሁን አይኤስኦ 24410 የሚባል ደረጃ አለው። ሻጩን "በዚህ ደረጃ ነው ወይ?" ብለህ ጠይቅ፣ መልሱ በጽሑፍ ይሁን።

በስም መግጠም ግን አንድ ነገር ነው፣ በደንብ መቀመጥ ሌላ። እንደ ኤስ 70 ያሉት ትንንሾቹ ጠበብ ያለ መያዣ ነው ያላቸው፣ የትልቁ አታችመንት አይገባባቸውም። ሙሉ መጠን ያለው ቢሆንም ከመግዛትህ በፊት ባኬትህን ይዘህ ሄደህ አስገጥመው። ላይኛው ከንፈር ዳር እስከ ዳር ተቀምጧል? ሽብልቁ ጠርዝ ይነካል? አዲስ ሆኖ ሽብልቁ ከወዲሁ ወደ ማለቂያው ከወረደ አትግዛው። ገና ሳይበላ የመጠባበቂያ መውረጃ የለውም ማለት ነው።

ባለ ማሽን፦

እሺ፣ ሽብልቁን እገዛለሁ። የኔም ማሽን ላይ ልየው ብዬ ሄጄ አንዱ ኒፕል (የግራሶ መቀበያው) ጭራሽ በጭቃ ተደፍኖ አገኘሁት። ግራሶ በስንት ጊዜው ነው የሚሰጠው?

የቃሊቲው መካኒክ፦

ከ 8 እስከ 10 ሰዓት በሠራ ቁጥር። ማለትም በየቀኑ። ሽብልቆቹም፣ የካፕለሩ ፒኖችም፣ የክንዱና የሲሊንደሮቹም። አሮጌው ግራሶ በጎን ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ። የተደፈነ ኒፕል ካለ አውልቀህ በናፍታ እጠበው፣ ካልሆነ ቀይረው።

አዲስ አበባ ላይ ጠላታችን ዋልካው ነው። በክረምት ጥቁር አፈር ካፕለሩና ባኬቱ መካከል ገብቶ ይደርቅና ሲሚንቶ ይሆናል። በዚያ ላይ አታችመንት ስትለውጥ የላይኛው ከንፈር አይቀመጥም፣ ሽብልቁም አይወርድም። ስለዚህ ስትለውጥ ሁሉ ቀዳዳዎቹን በብረት ጠርገህ፣ ሳህኑን ቧጭረህ ግጠም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ኦፕሬተሮች ግን አያደርጉትም። ገርጂ፣ አንተን አላልኩም።

ዶሃ ማሽነሪ፦

እዚህ ደግሞ አሸዋ ነው። ከግራሶ ጋር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ አሮጌውን ሳታስወጣ አዲስ መደረብ አይጠቅምም። መጀመሪያ ጥረግ።

በያጁ፦

ማንም ካፕለሩ ላይ ብየዳ የሚያሠራ ካለ፣ ይቺን ለበያጃችሁ ንገሩ። ባትሪውን ንቀሉ፣ ኮምፒውተር ያለው ማሽን ከሆነ የኮምፒውተሩንም ሶኬት። የኧርዝ መቆንጠጫው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር። ወዲያ ማዶ ሻንሲው ላይ ካሰራችሁት ከረንቱ በፒንና በቡሹ ነው የሚያልፈው፣ ፒኑን ይበላዋል። የሲሊንደሩን የሚያብለጨልጭ ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ እዚያ ላይ ከተጣበቀች ማሸጊያውን እየላጨች ዘይት ታስወጣለች። ባኬት ከሆነ የሚበየደው ነቅላችሁ አምጡት፣ ማሽኑን አታምጡ።

ገርጂ ኦፕሬተር፦

ወሬ ላምጣ። ባለቤቱ ተስማምቶ ሁለቱም ሽብልቆች ከነሞላቸው ተቀየሩ። የግራው አሮጌ ሽብልቅ አልወጣ ብሎ ነበር። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭተንበት አደረ፣ በማግስቱ በነሐስ ዘንግና በመዶሻ ከላይ ወደ ታች ወጣ። ቤቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተን፣ ግራሶው በውስጥ በኩል እንደሚደርስ አይተን አዲሱን አስገባን። የባኬቱ ቀዳዳ ላይ ላሜራ ተደረበ። ማርከሩ አሁን ሙሉ በሙሉ ተፈግፍጓል፣ በሁለቱም በኩል። ሽብልቁም ገና ብዙ መውረጃ ይቀረዋል። መሬት ላይ ተጭኜ ስሞክረው ባኬቱ ፍንክች አላለም።

የካፕለሩ ፒኖች ያቺ ትንሽ ጨዋታ አሁንም አለቻቸው። ይቆዩ?

የሐመሩ ቱቦ ጠዋት በብርዱ ሳስገባው ገባ። ግን ቀድሞም ፊቱ ተጎድቶ ስለነበር ያንጠባጥብ ነበርና አዲስ መጋጠሚያ ተገዛ። ሲጠብቅ ጥሩ ነው፣ ሥራ ስጀምር ግን ከሚጠመዘዝበት ጥርሱ ያልባል። ቴፍሎን ጠቅልዬበታለሁ። ሐመሩ የአውሮፓ ነው።

የቃሊቲው መካኒክ፦

ፒኖቹ ይቆዩ፣ ግራሶ እየጠጡ። ድምፅ ከጀመሩ ወይም ጨዋታው እየጨመረ ከሄደ ፒንና ቡሹን አንድ ላይ ቀይር። ፒኑን ብቻ ከቀየርክ በሞላላ ቡሽ ውስጥ አዲስ ፒን ነው የምታስገባው።

ያንተ መጋጠሚያ ችግሩ ጥርሱ ሳይሆን አይቀርም። የአውሮፓው ሐመር ቱቦ ብዙ ጊዜ ቢኤስፒ የሚባለው የጥርስ ዓይነት ነው። የገዛኸው የአሜሪካ ኤንፒቲ ከሆነ ግማሽ ኢንቹ ላይ ሁለቱም በኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ይዋደዳሉ። የጥርሱ አንግል ግን አንዱ 55 ሌላው 60 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ግፊት ሲመጣ ግን ያልባል። የፈለግከውን ያህል ቴፍሎን ብትጠቀልል አይቆምም። ሌላው፣ ኦ ሪንግ ያለው ጥርስ ላይ ጭራሽ ቴፍሎን አታድርግ። ክሩ ተቦጭቆ ቫልቭ ውስጥ ይገባል።

ገርጂ ኦፕሬተር፦

እንዴት ልለየው ታዲያ? ሱቁ ውስጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

የቃሊቲው መካኒክ፦

የጥርስ መለኪያ ያለው ሱቅ ሂድ። ሶማሌ ተራ ብትሄድም ሌላ ቦታ፣ የድሮውን መጋጠሚያ ይዘህ ሂድ፣ በፎቶ አይሆንም። የምትገዛውን ቱቦው ላይ በእጅህ አዙረህ አስገባው። ኤንፒቲ ወደ ጫፉ የሚሾል ነው። የሐመርህ ቱቦ ቀጥ ያለ ቢኤስፒ ከሆነ ትክክለኛው በእጅ እስከ ታች ድረስ በቀላሉ ይሄዳል፣ የሚሾለው ግን ጥቂት ዞሮ ይጨነቃል። ቱቦው ላይ ያለውን ቴፍሎን ሁሉ በመርፌ ለቅመህ አውጣ፣ ከዚያ ግጠም።

ባለ ማሽን፦

ጋሼ፣ ሽብልቁን የገዛችሁበትን ሱቅ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የኔም ቀለሙ አልተነካም።